የግራ እጅ ጓንት

ሉሴት ፕሩቮ የምትወደውን ሰው ለመርሳት አልታደለችም። ሌላ ሴት ብትሆን ፎቶውን ትቀዳድዳለች፣ እሱ በሚያልፍበት መንገድ አታልፍም፣ ስሙ ሲነሳም ወሬ ትለውጣለች። እሷ ግን ሥራዋ ሆነና በየማለዳው ዡዋንቪል ያለውን ስቱዲዮ የኋላ ደረጃ ወጥታ፣ የፊልም ቅንብር ክፍሏን ከፍታ፣ ነጭ የጥጥ ጓንቷን አጥልቃ የፊሊበርን ፊት ከቆርቆሮ ሣጥን ታወጣለች። ጠረጴዛዋ ላይ ባለችው ትንሽ የመስታወት ስክሪን ወደ ፊት ታስኬደዋለች፣ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። እሱም በታዘዘ ቁጥር ዓይኑን ቀስ ብሎ ያነሳና ያያል። እንዲህ ያለ እይታ በሰው ልጅ ፊት ላይ አይታ አታውቅም። የሚያየው ግን እሷን አይደለም፤ ማዳም ኤልያን ቮርዥን ነው።

ፊልሙ የድሮ ደራስያን ስለ አፍቃሪ ሴቶች ከጻፏቸው አጫጭር ታሪኮች ሦስቱን አንድ ላይ ያጣመረ ነው። «ሦስት ሴት፣ ሦስት ፍቅር፣ አንድም ደህና ባል የለም» ይላል ዳይሬክተሩ ሙሴ ብሬሞን፣ ሰው ስለ ሥራው በጠየቀው ቁጥር። በሦስተኛው ታሪክ አንዲት የዳኛ ሚስት መስኮት ዳር ቆማ፣ የምትወደው መኮንን ወደማይመለስበት ሲሄድ ታያለች። መነጋገር አይችሉም፤ ባልየው ከጀርባዋ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። መኮንኑ ግቢው ውስጥ ፈረሱ አጠገብ ቆሞ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ያያታል። ታሪኩ በሙሉ ያቺ አንዲት እይታ ናት። መስኮት ዳር የምትቆመው ዝነኛዋ ማዳም ቮርዥ ስትሆን መኮንኑ ደግሞ ፊሊበር ደ ላርናስ ነው።

ሉሴትና ፊሊበር ይዋደዳሉ ቢባል የሚያምን አይገኝም ነበር። የእሷ አባት ማርን ወንዝ ላይ አሸዋ የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ ነው፤ እናቷ የስቱዲዮውን ልብስ ታጥባለች። የእሱ ዘር ማንዘር ደግሞ በቤታቸው ደረጃ ግድግዳ ላይ በወርቅ ፍሬም ተሰቅሎ ወጪ ወራጁን ይገላምጣል። እናቱ ማዳም ደ ላርናስ የልጃቸውን ተዋናይነት እንደ ጉንፋን ነው የሚቆጥሩት፣ ጊዜውን ጠብቆ የሚለቅ። የተዋወቁት ፊሊበር ራሱን በፊልም ሊያይ ወደ ክፍሏ የመጣ ዕለት ነው።

«ምነው እጄ እንዲህ ተንጠለጠለ?» አላት ደንግጦ።

«ባለቤቱ የት እንደሚያደርገው ስላላወቀ» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ ወዲህ ያ እጅ ማረፊያ አገኘ። እሑድ እሑድ ወንዙ ዳር ባለው ዳንስ ቤት ወገቧን ይዞ ሲሽከረከር ይውላል፤ ሲደክማቸው ቁጭ ብለው ትንንሽ የተጠበሰ ዓሣ በጣታቸው እያነሱ ይበላሉ። «ለፋሲካ እናቴ ዘንድ እወስድሻለሁ» ብሏታል። «ግድግዳው ላይ ላሉትስ ማን ያስተዋውቀኛል?» ስትለው፣ «እነሱ ሞተዋል፣ አይናከሱም» ብሎ አሳቃት። በዚያው ሰሞን የግራ እጅ ጓንቷ ጠፋ። የገዛ እናቷን ሳይቀር ጠረጠረች፤ ለአጥቢ የሰጡት ነገር መች ይመለሳል ብላ ተነጫነጨች። ለግራ እጇ አዲስ ጓንት ተሰጣትና ነገሩን ረሳችው።

መዓቱ የመጣው ያቺን የመስኮት ትዕይንት ቆርጣ ለመቀጠል የተቀመጠች ዕለት ነው። ሥራው ለሚያውቀው ቀላል ነው። መጀመሪያ የወንዱ ፊት፣ ቀጥሎ የሴቲቱ ፊት፤ ሁለቱን ካጣበቋቸው ተመልካቹ ተያዩ ብሎ ያምናል። በተለያየ ሳምንት ይቀረጹ፣ ሴቲቱ ፈገግ ያለችው ለፀጉር ሠሪዋ ይሁን፣ ተመልካች ምን አውቆ! ሉሴት በዚህ ሙያ ስንቱን ሳይገናኝ አፋቅራለች። ያን ቀን ግን ሁለቱን ፊቶች አጣብቃ አስኬደቻቸው፤ መልሳም አስኬደቻቸው። ፊሊበር አየ። የማዳም ቮርዥ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። «እኔን እንዲህ አይቶኝ አያውቅም» አለች ሉሴት ለብቻዋ። ሰው የምታታልልበት ቅጥያ እሷኑ አታለላት፤ ጠማቂ በራሱ መጠጥ ሲሰክር ማለት ይኼ ነው። ስቱዲዮው ውስጥም «ደ ላርናስ ለኮከቧ ሞቷል» የሚል ሐሜት ይናፈስ ነበርና ለጥርጣሬዋ ምስክር አላጣችም።

ከሥራ ስትወጣ ፊሊበር በሩ ላይ እየጠበቃት ነበር።

«ትወዳታለህ አይደል?»

«ማንን?»

«ማንን ይለኛል እንዴ! ዓይንህን አይቼዋለሁ ፊሊበር። ዓይን ደግሞ አይዋሽም።»

እሱ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው የሳቀው፤ ያ ሳቅ ግን ነገሩን ጨረሰው። «ምን አየሁ ነው የምትይው? ንገሪኝና ልመልስልሽ» እያለ እስከ ድልድዩ ድረስ ተከተላት። አልነገረችውም። ኩራት ያዛት፣ ያ ክፉው የድሃ ልጅ ኩራት፤ ብጠይቅ ትለምናለች እባላለሁ ብላ አፏን ዘጋች።

በዚያው ሳምንት አባቱ ታመው ፊሊበር እሳቸው ወዳሉበት ወደ ቱር ከተማ ሄደ። ደብዳቤዎቹም መምጣት ጀመሩ። ሉሴት አንዱንም አልከፈተች። የስቱዲዮውን በረኛ አባባ አንሴልምን «የለችም ብለው ይመልሱልኝ» አለቻቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ፊቴ ቆመሽ የለም እንዴ!»

«ይጻፉልኝ አባባ። እባክዎ።»

ሽማግሌው በረጅሙ እየተነፈሱ በየፖስታው ጀርባ «በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም» ብለው ጻፉ። ደብዳቤው እንዲህ ሲመላለስ ሰነበተና ከዕለታት አንድ ቀን ቀጥ አለ። ሉሴት ያሸነፈች መሰላት። ያሸነፈ ሰው ትራስ ለምን እንደሚረጥብ ግን አልገባትም።

*

ማዳም ቮርዥ ወደ ቅንብር ክፍሉ የመጣችው አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ነው። ኮቷን ወንበር ላይ ወርውራ፣ «ከአንገቴ ጋር ተጣልቻለሁ፤ እስቲ ፊልሙ ላይ ምን እንደሠራኝ አሳዪኝ» አለች። ሉሴት ያቺን ትዕይንት ከምታሳያት ጣቷን ብትቆርጥ በወደደች። ግን ምን ታደርግ፣ ታዛዥ ናት። ጥቅሉን አስገባችና አስኬደችው። ፊሊበር በትንሿ መስታወት ውስጥ ዓይኑን አነሳ።

«እንዴ!» አለች ማዳም ቮርዥ። «ይኼ ልጅ እንዲህ ማየት ይችላል እንዴ?»

«እርስዎን ሲያይ ነዋ» አለች ሉሴት።

«እኔን? የኔ ቆንጆ፣ እኔን ከየት አምጥቶ!» ተዋናይቱ ጮክ ብላ ሳቀች። «ይኼ የተነሳው እኮ አመሻሽ ላይ ነው። እኔ ቲያትር አለብኝ፣ ሲመሽ ጥዬ እወጣለሁ፤ ውሌ ነው፣ ታውቂ የለ? እሱ እንዲህ ሲያይ እኔ ቲያትር ቤት መልበሻ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ቅንድቤን እየተኳልኩ ነበር።»

ሉሴት ታውቃለች። ማዳም ቮርዥ ሲመሽ እንደምትሄድ የስቱዲዮው ድመት እንኳ ያውቃል። ፊልም ላይ ግን የማታው መብራትና የቀኑ መብራት አንድ ነው፤ እሷም ለራሷ የማሰቢያ ጊዜ አልሰጠችም።

«ታዲያ... ማንን ነው የሚያየው?»

«ጓንት!»

«ምን አሉኝ?»

«ጓንት ነው የተካኝ እልሻለሁ! ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ እንዲያውቅ ካሜራው ጎን ወረቀት ሊለጥፉለት ነበር፤ ሁልጊዜ እንደሚደረገው። ልጁ ደግሞ ‹እኔ ወረቀት ማፍቀር አልችልም› አለና ከኪሱ አንዲት ጓንት አውጥቶ ‹ይቺን ስቀሉልኝ› አላቸው። በማግስቱ ካሜራ ማኖቹ ‹ማዳም፣ ጓንት በለጠችዎት› እያሉ መከራዬን አበሉኝ። የወይዘሮ ጓንት እንኳ ቢሆን ባልከፋኝ። ተራ ነጭ የጥጥ...»

እዚህ ላይ ቆመች። ዓይኗ ሉሴት እጅ ላይ አርፏል። የቀኙ ጓንት የቆየ ነው፣ አውራ ጣቱ ላይ ተጥፏል፤ የግራው ገና አዲስ ነው።

የማዳም ቮርዥ ሳቅ ጠፋ። «ውይ ልጄን!» አለች በቀስታ። መድረክ ላይ የማትጠቀምበት ድምፅ ነበር። «እያወቅሽ ነው የተጫወትሽበት ወይስ አላወቅሽም?»

«አላወቅሁም።»

«እንግዲያው ምን ቁጭ ያደርግሻል? ከቱር ተመልሶ እናቱ ቤት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ተነሽ!»

ሉሴት ወዲያው አልተነሳችም። መስታወቱ ውስጥ ፊሊበር ዓይኑን እንደ ተከለ ቆሟል። ለካ ይኼን ሁሉ ጊዜ ሲያያት የከረመው እሷኑ ነው። በገዛ ራሷ ላይ ስትቀና ኖራለች። መጀመሪያ የመጣው ደስታ ነበር፤ ደረት የሚሰነጥቅ፣ ሊያስጮህ የሚደርስ ደስታ። ወዲያው ግን የመለሰቻቸው ፖስታዎች ትዝ አሏት።

*

ጃንጥላ ሳትይዝ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ ነው የሄደችው። የደ ላርናስ ቤት ሞንሶ መናፈሻ አጠገብ ነው። ሠራተኛዪቱ ከፍታላት ስትገባ፣ በወርቅ ፍሬም የተሰቀሉት ሰዎች በሙሉ ከጫማዋ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ ያዩ መሰላት። ማዳም ደ ላርናስ ጥቁር ለብሰው ደረጃው ላይ ቆመዋል።

«ሉሴት ፕሩቮ እባላለሁ ማዳም። ፊሊበርን...»

«አወቅሁዎት።» አንቺ አላሏትም። በር የሚዘጋ አክብሮት አለ፤ የእሳቸው አክብሮት እንደዚያ ነው። «በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም ተብለን ነበር። ልጄ በየማለዳው ደጅ ወጥቶ ፖስተኛ ይጠብቅ ነበር፤ አባቱ ሊሞቱ እያጣጣሩ እንኳ። እርስዎን መጥላት ይገባኝ ነበር። ግን በየማታው ጸሎቴ ላይ አመሰግንዎታለሁ።»

«ለምን ማዳም?»

«ልጄን ስለመለሱልኝ።»

ከላይ በኩል በር ተከፈተ። ፊሊበር ወረደ። ከስቷል፤ ክንዱ ላይ የሐዘን ጨርቅ አስሯል። ሉሴትን ሲያይ የደረጃውን መደገፊያ ያዘ።

«እናቴ፣ እባክዎ ይተዉን።»

ማዳም ደ ላርናስ ልጃቸውን አዩት፣ ልጅቱን አዩ፣ ከዚያ ምንም ሳይሉ ወደ ሳሎኑ ገቡ። በሩን ግን ገርበብ አድርገው ነው የተዉት።

«ስለ ጓንቱ ሰማሁ» አለችው ሉሴት።

«ከማን?»

«ከራሷ ከማዳም ቮርዥ። ፊሊበር፣ እኔ እኮ... ያንተን ፊትና የእሷን ፊት ስቀጥለው...»

ገና ያኔ ገባው። ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። «ዓይንህን አይቻለሁ ያልሽው ያንን ነው? እኔ የሰው ወሬ ሰምተሽ ነው ብዬ ነበር። ሉሴት፣ አንቺ ያየሽው የኔን ዓይን አይደለም። የገዛ እጅሽን ሥራ ነው ያየሽው!»

«አውቃለሁ።»

«ከሰው ሁሉ አንቺ! የቀጠልሽው አንቺ፣ ያመንሽው አንቺ!»

«አውቃለሁ አልኩህ! ምን ላድርግ ታዲያ? እኔን እንዲያ አይተኸኝ አታውቅም ነበር።»

«አይቼሻለሁ እንጂ!» ድምፁ ተሰበረ። «አንገትሽን ደፍተሽ ስትሠሪ ነው የማይሽ። ቀና ስትይ እያፈርኩ እስቃለሁ።»

ሉሴት ወደ እሱ ተጠጋች። በልብሷ ላይ ያለው ዝናብ እጁን እስኪነካው ድረስ ተጠጋች።

«ይኸው አሁን ቀና ብያለሁ» አለችው። «እየኝ።»

አላያትም። ከጭንቅላቷ በላይ፣ በግድግዳው ላይ ያሉትን ሙታን ተመለከተ። «ቃል ሰጥቻለሁ» አለ። «ቤራንዤር የአባቴ ወዳጅ ልጅ ናት። አባቴ ሲሞቱ እጄን እጇ ላይ አድርገው ነው የሞቱት። እኔ ያኔ ማን ነበረኝ? የለም ተባልኩ እኮ ሉሴት። በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም አልሽኝ። እኔም አመንኩሽ።»

«ንገራት! ተሳስቼ ነበር በላት። ገና አላገባሃትም!»

«እሷ ምን አጠፋች? እኔ ምን አጠፋህ ሳልባል ተፈርዶብኛል። ሰውን ምን እንደሚያደርግ አውቀዋለሁ። በሌላ ሰው ላይ አላደርገውም።»

ይኼን ሲል ጨክኖ አልነበረም። ጨክኖ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ልትሳደብ፣ በሩን ደርግማ ልትወጣ ትችል ነበር። እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ የተዘጋ በር ግን ከየት በኩል ይገፋል?

«ጓንትሽን ልመልስልሽ?» አላት።

አይ፣ ያንተው ይሁን ልትለው ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ያቺን የማታውቃትን ቤራንዤርን አሰበች፤ አንድ ቀን የባሏን ኮት ስታራግፍ የሌላ ሴት ጓንት ሲወድቅባት። «መልስልኝ» አለች።

ፊሊበር ከደረት ኪሱ አወጣው። በገላው ሙቀት ሞቆ ነበር። ሉሴት ሙቀቱ እንዳይወጣ ጨብጣው ወጣች፣ ጨብጣው ባቡር ተሳፈረች። ዡዋንቪል ሳትደርስ እንደማንኛውም ጨርቅ ቀዘቀዘ። ያኔ ሰው እያያት፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

*

ሙሴ ብሬሞን የመጨረሻውን ቅንብር ሊያይ ሲመጣ ሲጋራውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ቁጭ አለ። ያቺ የመኮንኑ እይታ ጋ ሲደርስ ተቁነጠነጠ።

«ረዘመች። ቶሎ ወደ ሴቲቱ ፊት ሂጂ እንጂ።»

«መኮንኑ ትንሽ ይይ፣ ሙሴ ብሬሞን።»

«ምን ትንሽ አለው? ሰው ይሰለቻል።»

«አይሰለችም። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የጨመርኩለት። አንዴ እንኳ ጠግቦ ይይ።»

ዳይሬክተሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ፊቷን አየና ሲጋራውን ከጆሮው አውርዶ ለኮሰ። «እሺ» አለ። «ይይ።»

ፊልሙ የተመረቀው ዛፎቹ በሚያብቡበት ሰሞን፣ በከተማው ትልቁ ሲኒማ ቤት ነው። ሉሴት የእህቷን ሰማያዊ ቀሚስ ተውሳ ሄደች። ለሠራተኞች የደረሰው ወንበር ጥግ ላይ ነበር፤ ዕድል ክፉ ቀልድ ታውቃለችና መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ፊሊበር አዲሷን ሚስቱን ይዞ መጥቶ ልክ ከፊቷ ተቀመጠ። ሉሴትን አላያትም። ቤራንዤር ቀጭን አንገት ያላት፣ ስትቀመጥ ለሁሉም ይቅርታ የምትጠይቅ ልጅ ናት። ሉሴት ልትጠላት ተዘጋጅታ ነበር፤ የሚጠላ ነገር አጣችባት።

የመጀመሪያው ታሪክ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሉሴት ያየችው የፊሊበርን ማጅራት ብቻ ነው። ያቺ ትዕይንት ስትቀርብ ወደ ፊት ጠጋ አለች። አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ ትከሻው ይንቀሳቀስ፣ ትንፋሹ ይለወጥ፣ ያን ቀን ማንን እንዳየ የሚያስታውስ ነገር ይታይበት። ሌላ ምንም አትጠይቅም። በዚያ ዕድሜዋን ትገፋለች።

መኮንኑ ዓይኑን አነሳ። እይታው ቆየ፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሉሴት የጨመረችለት ትንፋሽ ቀጠለ። አንዲት ሴት ከመሃል በረጅሙ ተነፈሰች። ሌላዋ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ የማዳም ቮርዥ ፊት መጣ፤ ሕዝቡ በሙሉ ሁለቱ ተያዩ ብሎ አመነ።

ቤራንዤር ወደ ባሏ ጆሮ ዘንበል አለች።

«እንዴት አድርገህ ነው የምታያት!» አለችው፣ ቅናት በሌለው ድምፅ፣ እንደ ሕፃን ተደንቃ። «እውነት ያኔ ማንን እያየህ ነበር?»

ፊሊበር ዝም አለ። ሉሴት ጆሮዋን አቆመች። የሰው ስም መጥራት እንደማይችል ታውቃለች፤ ዝምታውን ብቻ ቢተውላት በቂዋ ነበር።

«ማንንም» አለ ፊሊበር። «ማዳም ቮርዥ ወደ ቲያትሯ ሄዳ ነበር። እዚያ ማንም አልነበረም።»

ቤራንዤር እጁን ፈልጋ ያዘችው። ሉሴት ልትቀየመው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ያን ቃል ከማን ተማረው? በየፖስታው ጀርባ አስጽፋ ቱር ድረስ የላከችለት እሷ ናት።

መብራቱ በራ። ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበ፣ የማዳም ቮርዥን ስም ጠራ፣ የፊሊበርን ስም ጠራ። ሉሴት ብቻ ከወንበሯ አልተነሳችም። እጆቿ ቦርሳዋ ውስጥ ናቸው፤ የቆየውን ቀኝና የተመለሰላትን ግራ ጓንት አንድ ላይ ጨብጣ መልቀቅ አቃታት።